ከጦር አዛዡ ቤት የወጣችው

በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በጣና ሐይቅ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ከተማ ላይ የንጉሥ ጦር ወረደ። ከተማዋ አልሸፈተችም፤ ግብርም አልከለከለችም። ጥፋቷ ሸሽታ የመጣችን አንዲት ሴት ማስጠጋቷ ብቻ ነበር። ጦሩን የሚመራው መልክአ ክርስቶስ ከአፄ ሱስንዮስ የቅርብ አማካሪዎችና የጦር አለቆች አንዱ ነው። የምትፈለገው ሴት ወለተ ጴጥሮስ ደግሞ የራሱ ሚስት ናት።

ይህን የሚተርከው በ1672 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በግእዝ የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወለተ ጴጥሮስን በቅድስና ታከብራታለች። ገድሏ በተአምራት የተሞላ ነው፤ የሃይማኖት መጽሐፍ ነውና ይገባዋል። ነገር ግን በተአምራቱ መካከል ጦርነት ያሳደዳት፣ በችሎት የቆመች፣ የተጋዘች፣ ከዚያም ብዙ ስደተኛ ሰብስባ ያስተዳደረች የአንዲት ሴት ኑሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጋሻና ጦር አንስታ አታውቅም። ሆኖም በዚያ ዘመን ጦር ከመሩት ብዙ መኳንንት ይልቅ የአገሩን አካሄድ በመለወጥ ረገድ የእሷ ድርሻ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኑሮዋ ከጣና ሐይቅ ጋር የተሳሰረ ነው። ካቋቋመቻቸው ሰባት ማኅበራት መካከል አንዱ የተቀመጠው በዘጌ ነበር። ዘጌ ከባሕር ዳር በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ የተዘረጋ፣ በደን የተሸፈነ ልሳነ ምድር ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና በትረ ማርያም በዚያ ደን ውስጥ ተሰውረው ይገኛሉ። የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው፣ ከሸዋ መጥተው በዚያ የመነኑት አቡነ በትረ ማርያም ምድሩ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባበት ሥርዓት ሠርተዋል። የዘጌ ሰው ዛሬም በሬ ሳይጠምድ ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን እየሸጠ እህሉን ከውጭ ይሸምታል። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ሥርዓት ነው። የጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች፣ መሬት ላይ ጦርነት በተነሳ ቁጥር፣ ንዋየ ቅድሳት የሚሸሽባቸውና ሰው የሚጠለልባቸው ስፍራዎች ሆነው ኖረዋል። አሳዳጅ ፈረሰኛ ውኃው ዳር ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የታንኳ መንገድ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ወገኖቿ ከደዋሮና ከፈጠጋር የሚመዘዙ፣ ርስትና ሹመት ያላቸው ባላባቶች ነበሩ፤ አባቷና ወንድሞቿም በቤተ መንግሥት ሹማምንት ሆነው አገልግለዋል። ገና በልጅነቷ ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ገድሉ ለመመነን ያላትን አሳብ ከዚህ ሐዘን ጋር ያያይዘዋል። ልጆቿን የቀበረች እናት ዓለም ብትመራት አያስደንቅም። ቢሆንም፣ በዚያን ጊዜ አገሩን የያዘው ችግር ባይጨመርበት ኖሮ ምናልባት እንደ ብዙ ባላባት ሴቶች በእርጅናዋ ቆብ ደፍታ፣ ስሟ ሳይሰማ ታልፍ ነበር።

ያ ችግር እንዴት እንደመጣ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1541 ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ጋር በሚደረገው ጦርነት አራት መቶ የሚሆኑ ፖርቱጋሎች ጠመንጃ ይዘው በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት ለእርዳታ መጡ። ከእነርሱ በኋላ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ተከትለው ገቡ። ለብዙ ዓመታት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጡም። ነገሩ የተለወጠው ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ብልህና ታጋሽ ስፔናዊ መነኩሴ መጥቶ የአፄ ሱስንዮስን ልብ ሲያገኝ ነው። ሱስንዮስ በብዙ ውጊያ ዙፋን የያዙ ንጉሥ ነበሩ። የፖርቱጋል ጠመንጃና ወዳጅነት ያስፈልገኛል ብለው አሰቡ፤ በክርክሩም የኢየሱሳውያኑ ትምህርት ማረካቸው። መጀመሪያ በምሥጢር፣ በ1622 ደግሞ በይፋ ካቶሊክ ሆኑ።

ሕዝቡ ግን ያን ያህል አልጠበቀም፤ ገና በወሬው ተነሳ። በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሲሸፍት፣ የኢትዮጵያ ጳጳስ አቡነ ስምዖን አብረውት ወጡ፤ ለሃይማኖቱ የሚዋጋውንም ባረኩ። በሰደቻ በተደረገው ውጊያ ዮልዮስ ወደቀ። አቡኑም በዚያው ተገደሉ። ጳጳስ በንጉሥ ጦር መገደሉ በሕዝቡ ላይ ያሳደረውን ድንጋጤ መገመት አያዳግትም። ጳጳሱ ከእስክንድርያ በብዙ ልመናና ወጪ የሚመጣ፣ ካህን ሁሉ በእጁ የሚሾም አንድ አባት ነበር። እርሱ ሲገደል አገሩ ሁሉ አባቱን እንዳጣ ይቆጠራል።

መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ ሰው ነበርና ዓመፁን ለማጥፋት ዘመተ። ወለተ ጴጥሮስ ለመውጣት የጠበቀችው ይህንኑ አጋጣሚ ነው። በጣና ገዳማት ያሉ መነኮሳት ረዷት፤ ገድሉ ከእነዚህ መካከል አባ ፈትለ ሥላሴንና አባ ተዝካረ ድንግልን በስም ይጠራል። ጌጧን አውልቃ፣ ጥቂት ገረዶቿን አስከትላ ከቤቷ ወጣች። ወደ ሐይቁ ደርሳ ፀጉሯን ተላጨች፤ ቆብም ደፋች።

መልክአ ክርስቶስ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ሚስቱን ፍለጋ ሠራዊቱን ይዞ ወጣ፤ የደበቀቻትንም ከተማ ማጥፋት ጀመረ። የሚዘረፈው ገበሬና የሚፈርሰው ቤት እሷን አስጠግቷል በሚል ብቻ የሚቀጣ ነበር። የገዳሙ አባቶችና ዘመዶቿ ወደ እሷ መጥተው ወደ ባሏ እንድትመለስ ለመኗት።

ተመለሰች።

ስለ ወለተ ጴጥሮስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በንጉሡ ፊት መቆሟ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ከሁሉ የከበደው ድፍረቷ ይህ መመለስ ነው። የተላጨ ራሷን ይዛ፣ ቃል ገብታበት የጀመረችውን ምንኩስና አቋርጣ፣ ሊያሸንፋት የመጣው ሰው እንዳሸነፈ እያየ ወደ እልፍኙ መግባት ነበረባት። ብትቀር የሚቀጣው ሌላ ሰው ነው። በገድል መጻሕፍት ሰማዕት ሲሆን የሚመሰገነው በራሱ ላይ የመጣውን ሰይፍ የማይፈራ ነው። እሷ ደግሞ በሌሎች ላይ የመጣውን ሰይፍ ለማስቀረት የራሷን አሳብ ለጊዜው ጣለች። ጦርነት መሣሪያ በሌለው ሰው ላይ የሚያመጣው ጭንቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ የሚያስጠጋ ሁሉ ይጠየቃል፤ ተጠጊውም የአስጠጊዎቹን ዕዳ ይሸከማል።

ከተመለሰች በኋላ ግን ባሏ በአቡነ ስምዖን ግድያ እጁ እንዳለበት አወቀች። ከዚህ በላይ አብራው መኖር አልቻለችም። ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች፤ ይኸኛው መውጣት የመጨረሻ ሆነ። የመነኮሰችው በ25 ዓመቷ ነው።

ከዚህ በኋላ የኖረችው ኑሮ ለባላባት ልጅ ያልተለመደ ነበር። ገረዶች ሲያገለግሏት ያደገች ሴት ውኃ መቅዳት፣ እህል መፍጨት፣ እንጨት መሸከም ጀመረች። የዕድሜ ልክ ባልንጀራዋን እኅተ ክርስቶስንም በዚህ ጊዜ አገኘች። እኅተ ክርስቶስም ባሏንና ሴት ልጇን ትታ የመነኮሰች ነበረች። ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በረኀብም፣ በበሽታም፣ በግዞትም አልተለያዩም። ወለተ ጴጥሮስ ስትሞት ማኅበሩን የወረሰችውም እኅተ ክርስቶስ ናት።

በ1621 አፄ ሱስንዮስ የአገሩን የቆየ ሃይማኖት ማስተማር ከለከሉ። ወለተ ጴጥሮስ ይህን በግልጽ ነቀፈች። ንጉሡን የሚነቅፍ የሰማ ሁሉ ጠቋሚ በሆነበት ጊዜ ነገሯ ሳይውል ሳያድር ንጉሡ ዘንድ ደረሰ፤ ለችሎት ተጠራች። የሞት ፍርድ ሊፈረድባት ነበር። ያዳኗት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የወገኖቿ ብዛት ነው፤ አማካሪዎቹ ይህችን ሴት ብንገድል ቤተ ዘመዷ ሁሉ ይነሳብናል ብለው ሰጉ። ሁለተኛው ባሏ ነው። አዎን፣ ያው ከተማ ሲያጠፋባት የነበረው መልክአ ክርስቶስ ሕይወቷ እንዲተርፍ ለመነ። ገድሉ ይህን ሰው እንደ ክፉ ብቻ አድርጎ አለማሳየቱ ተገቢ ነው። ለንጉሡ ባለው ታማኝነትና ለሚስቱ ባለው ፍቅር መካከል የተያዘ፣ ኃይሉን በሌሎች ላይ የሚወጣ፣ በመጨረሻው ሰዓት ደግሞ የሚራራ ሰው ነበር።

ከሞት ስታመልጥ ዝም አላለችም። ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋልድባና ወደ ጸለምት ሄዳ ሕዝቡ የባዕድ ሃይማኖት እንዳይቀበል ማስተማር ቀጠለች። እዚህ ላይ ሴት መሆኗን ማስታወስ ይገባል። ሥልጣነ ክህነት የላትም፤ በመንበር አልተቀመጠችም፤ ሊቃውንት ሲከራከሩ ሴት በጉባኤያቸው አትቆጠርም። ይሁንና ብዙ መምህራን በፈሩበት ወይም በሸሹበት ጊዜ ሰው ወደ እሷ ይመጣ ነበር።

በ1625 አዲሱ የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ አገሩ ገባ። ፓኤዝ ቀድሞ፣ በ1622 ሞቶ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በጠባያቸው ይለያያሉ፤ ፓኤዝ ቋንቋውን ተምሮ፣ ሥርዓቱን አክብሮ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነበር፤ ሜንዴስ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲለወጥ ፈለገ። በየካቲት 1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ፓፓ መታዘዛቸውን በይፋ ማሉ። ቀጥሎም ካህናት እንደገና እንዲሾሙ፣ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና እንዲባረኩ፣ የጾሙና የበዓሉ ዘመን እንዲለወጥ ታዘዘ። የተሾመ ቄስ ክህነትህ ክህነት አይደለም፤ በአርባ ቀኑ የተጠመቀ ሽማግሌ ክርስቲያን አይደለህም ተባለ። ለገበሬው ከፖርቱጋል የሚመጣው ጥቅም በዓይኑ የማያየው ነገር ነው፤ የሚያየው የአባቱ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን እንደ ረከሰ መቆጠሩን ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ችሎት የቀረበችው በዚህ ወቅት ነው። ባሏ እንደገና ማለደላት፤ ከመገደሏ በፊት ፓትርያርኩ አስተምሯት እምነቷን ይቀይራት እንደሆነ ይሞከር አለ። ንጉሡ ተስማሙ። በፖርቱጋል ዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ሲያስተምር የኖረው ሜንዴስ፣ ከአንዲት የጣና መነኩሲት ጋር ብዙ ጊዜ እየተገናኘ ሊያሳምናት ደከመ። አልሆነለትም። በጉልበት የማትገኝ፣ በክርክርም የማትረታ ስትሆንባቸው አፄ ሱስንዮስ ወደ ምዕራብ ጠረፍ፣ ወደ ሱዳን አቅጣጫ አጋዟት።

የተጋዘችበት ቦታ ዠበይ ይባላል። ሞቃታማ ቆላ ነው። ደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው የቆላው ንዳድ ከሰይፍ የማይተናነስ ሞት ነበር፤ ነገሥታቱም ይህን ያውቁ ነበርና ግልጽ ግድያ ሲያስፈራቸው ጠላታቸውን ወደ ቆላ ይልኩ ነበር። ሦስት ዓመት በዚያ ቆየች። ታመመች፤ ጠባቂዋም አስጨነቃት። ነገር ግን ንጉሡ ያላሰቡት ነገር ሆነ። በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱ ሰዎች እየተፈላለጉ ወደ ዠበይ ይመጡ ጀመር። ብቻዋን እንድትጠፋ የተላከችበት ስፍራ የመጀመሪያው ማኅበሯ ሆነ። ገድሉ እንደሚለው የሰው አለቃ መሆኑን አልፈለገችውም፤ ራሴን ማዳን ያልቻልኩ እንዴት ሌላውን እመራለሁ በሚል አሳብ ብዙ ተከራክራ ነው የተቀበለችው።

ከግዞት ስትመለስ ወደ ጣና ዞረች። ከዚያ በኋላ ማኅበሯ በጫንቋ፣ በዘጌ፣ በደምቦዛ፣ በአፈር ፈረስ፣ በዛቦልና በሌላም ስፍራ እየተዛወረ ኖረ። ዝውውሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ገና ጦርነቱ አላበቃም። በ1628 በትግራይ የንጉሡ ሌላ አማች ተክለ ጊዮርጊስ ሸፈተ፤ በማግሥቱ ዓመት ላስታ ተነሳ። ሠራዊት ባለፈበት ሁሉ እህል ይወሰዳል፤ እህል ባለቀበት ረኀብ ይመጣል፤ ረኀብ ባለበት በሽታ ይከተላል። ይህን ሁሉ የተሸከመው ያልተዋጋው ሕዝብ ነው። ቤቱ የፈረሰበት ገበሬ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ደብሩ የተዘጋበት ቄስ ወደ ወለተ ጴጥሮስ ማኅበር ይመጣ ነበር። ወንዶችም ሴቶችም አሉበት። በምግቡ፣ በሥራው፣ በሥርዓቱ፣ በጠቡ ሁሉ የምትዳኘው እሷ ናት።

ይህን ከዘጌ ጋር አያይዞ ማሰብ ጥሩ ነው። በማይታረስ ምድር ላይ ብዙ ሰው ማስቀመጥ ማለት እህል ከማዶ በታንኳ መምጣት አለበት ማለት ነው። ታንኳው ከደንገል የሚታሰር፣ ውኃ እየጠጣ የሚከብድ፣ ነፋስ ሲነሳ የሚገለበጥ ነው። በሐይቁ ጉማሬም አለበት። የማኅበሩ ሰው እንጨት ይለቅማል፣ ጎጆ ይቀልሳል፣ የታመመ ያስታምማል፣ የሞተ ይቀብራል። ገድሉ በየምዕራፉ እንዲህ ያለውን ተራ ጉዳይ ሳይንቅ መመዝገቡ ከሌሎች ገድሎች ይለየዋል። የጦርነት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በንጉሡ ድንኳን አቅራቢያ በተቀመጠ ሰው ነው፤ ይኸኛው ግን ወፍጮውና ማድጋው ካለበት ወገን የተጻፈ ነው።

ሴት ሆና መምራቷ ሁሉን አላስደሰተም። አንዳንድ ሊቃውንት ቀኑባት፤ ሴት እንዴት መምህርና አለቃ ትሆናለች፣ መጽሐፍስ ይፈቅዳል ወይ ብለው ጥያቄ አነሱ። የተከራከረላት ሰው ያው ሲጀመር ከቤቷ እንድትወጣ የረዳት አባ ፈትለ ሥላሴ ነበር። የመልሱ ፍሬ ነገር፣ ሃይማኖት በተነካ ጊዜ ሌሎች ሲሸሹ እግዚአብሔር ያስነሳት እሷን ነው የሚል ነበር። ክርክሩ የተነሳው ከዘጌ ትይዩ ያለውን ክብራን ገብርኤልን ጨምሮ ብዙ ደሴቶች ለሴት እግር ዝግ በሆኑበት ሐይቅ ላይ መሆኑን ስናስብ የአባ ፈትለ ሥላሴም ድፍረት ቀላል አይደለም።

ወለተ ጴጥሮስ ብቻዋን አልነበረችም። ኢየሱሳውያኑ በጻፏቸው ደብዳቤዎችና ታሪኮች ውስጥ የቤተ መንግሥቱን ሴቶች ደጋግመው ያማርራሉ፤ መኳንንቱ ሲቀበሉ እናቶቻቸው፣ ሚስቶቻቸውና እኅቶቻቸው አንቀበልም እያሉ ሥራችንን አበላሹብን ይላሉ። ከእነዚህ መካከል የንጉሡ ሚስት እቴጌ ወልደ ሰዓላ ሳይቀሩ አሉበት። ባሎቹ ሹመትና ርስት ነበራቸው፤ ንጉሡን አልታዘዝም ቢሉ ወዲያው ያጡታል። ሴቶቹም የሚያጡት አላቸው። ቢሆንም በቤት ውስጥ፣ በጾምና በበዓል፣ በልጅ ጥምቀት ላይ የሚደረገው እምቢታ ሠራዊት የማይደርስበት ነበርና ቀጠለ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ሸዋረገድ ገድሌ በአዲስ አበባ ሆና ለአርበኞች መሣሪያ፣ መድኃኒትና ወሬ ስታቀብል የተጠቀመችበት መንገድ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። እሷም ተይዛ አዚናራ ወደሚባል የጣሊያን ደሴት ተጋዘች፤ ከዚያ ተመልሳም ትግሉን ቀጠለች።

በሰኔ 1632 በወይና ደጋ አፄ ሱስንዮስ የላስታን ጦር ድል አደረጉ። (የላስታው መሪም መልክአ ክርስቶስ ይባል ነበር፤ ከወለተ ጴጥሮስ ባል ጋር ስማቸው እንጂ ሰውነታቸው አይገናኝም።) ስምንት ሺህ ያህል ገበሬ በሜዳው ላይ ወድቆ ቀረ። ድል ነው ለማለት አልተቻለም፤ ሙታኑ እስላሞች ወይም አረመኔዎች ሳይሆኑ የገዛ ሕዝባቸው ክርስቲያኖች እንደሆኑ መኳንንቱ ለንጉሡ ነገሯቸው። ሱስንዮስ በዚያው ወር አዋጅ አስነገሩ፤ ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በዚያው ዓመት አረፉ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ።

ሰላም ሲወርድ የወለተ ጴጥሮስ ሥራ ቀለለ እንጂ አላበቃም። አዲሱ ንጉሥ አከበሯት። ከእስክንድርያ አዲስ ጳጳስ መጣ፤ እርሱም ማኅበሯን ደገፈ። ማኅበሩ በሴቶች መሪነት እንደቀጠለ፣ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዛወር ኖረ። ለሦስት ወር ከታመመች በኋላ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በዕለተ እሑድ አረፈች። ዕድሜዋ ሃምሳ ነበር፤ ግማሹን ያሳለፈችው በምንኩስና ነው። የተቀበረችው በጣና ላይ ባለችው በሬማ ደሴት ነው።

በ1650 ፋሲለደስ በስሟ ለሚቋቋም ገዳም በሐይቁ ምሥራቅ ዳር፣ በቆራጣ መሬት ሰጡ። ቆራጣ ከጊዜ በኋላ የታወቀ የንግድ ከተማ ሆነች፤ ከሁሉ በላይ ግን የምትታወቀው በመማጸኛነቷ ነበር። ንጉሥ የተቆጣው፣ ደም የሚፈለግበት፣ ዕዳ ያስጨነቀው ሰው ቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ ከገባ አይያዝም ነበር። ራሷ በሰው ቤት ተደብቃ፣ አስጠጊዎቿ የተቀጡባት ሴት በስሟ የሚጠራው ደብር የስደተኛ መጠለያ መሆኑ ከታሪኳ ጋር በጣም ይስማማል።   

ገድሉን የጻፈው ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው። ሲጽፈው ከሞተች ሠላሳ ዓመት ሆኗት ነበር፤ አብረዋት የኖሩ መነኮሳትና መነኩሲቶች ግን ገና በሕይወት ነበሩና ያዩትንና የሰሙትን ነገሩት። በትረካው ውስጥ ከነገሥታቱና ከጳጳሳቱ ጋር የገረዶቿ፣ የመነኩሲቶቹና የመንገድ አስተናጋጆቿ ነገር የተመዘገበው በዚህ ምክንያት ይመስላል። በብራና ከተገለበጡት ቅጂዎች አንዳንዶቹ ሕይወቷን በሥዕል ያሳያሉ። የግእዙን ጽሑፍ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 ሮም ላይ አሳተመው፤ በ1970 ላንፍራንኮ ሪቺ ወደ ጣሊያንኛ መለሰው፤ በ2015 ደግሞ ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ ትርጉም በአሜሪካ ታተመ። ይህ የመጨረሻው በዓለም ዙሪያ አንባቢ ቢያስገኝላትም፣ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የነበራትን ባልንጀርነት በተረጎመበት መንገድ ከኢትዮጵያ ሊቃውንት ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። ክርክሩ አሁንም አልተቋጨም።

በአገር ቤት ግን መጽሐፉ ገና እንደሚገባው አልተነበበም። በትምህርት ቤት የሱስንዮስ ዘመን ሲነገር ፓኤዝ፣ ሜንዴስ፣ ፋሲለደስ ይጠራሉ፤ ወለተ ጴጥሮስ አትጠራም ወይም በአንድ መስመር ታልፋለች። ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌን ሊያይ የሚሄደው እንግዳም የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል አይቶ፣ የዘጌን ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። በዚያው ደን ውስጥ ከጦርነት የሸሹ ሰዎች በአንዲት ሴት አለቅነት ተሰብስበው እንደኖሩ የሚነግረው ቢያገኝ ጉዞው ይሞላለት ነበር። አስጎብኚዎቹ ገድሉን ቢያነቡት፣ የታሪክ መምህራንም ከነገሥታቱ ስም ጎን ስሟን ቢጽፉት መልካም ነው። በቆራጣና በሌሎች የጣና አድባራት በዓሏ በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን ይከበራል።